ክሩ ሳይበጠስ

በናፖሊ ባሕር ዳር ቪያ ካራቾሎ የሚባል ሰፊ መንገድ አለ። በአንድ ጎኑ መናፈሻ፣ በሌላው ባሕር፤ ከወሽመጡ ማዶ የቬሱቪዮ ተራራ ይታያል። የጣሊያን ዙር፣ ጂሮ ዲታሊያ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በየዓመቱ የአንድ ቀን ውሎውን እዚህ መንገድ ላይ ጨርሷል። ሦስቱንም አይቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመልሼ አይቻቸዋለሁ። የሚመልሰኝ እጁን ዘርግቶ መስመሩን የሚያልፈው አሸናፊ አይደለም። የማሳደዱ ሥራ ነው።

ውድድሩ እንደተጀመረ ጥቂት ሰዎች አፈትልከው ይሄዳሉ። ፔሎቶን የሚባለው ዋናው ጭፍራ ይለቃቸዋል። ለዓይን ቸልታ ይመስላል፤ ነገር ግን ክር እየለቀቁላቸው ነው። ጥጥ ስትፈትል የኖረች እናት ያለችው ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። እንዝርቷ ይሾራል፣ ባዘቶው በሌላው እጇ ነው፤ ጠበቅ ካደረገችው ክሩ ይበጠሳል፣ ካላላችው ይወፍራል። ልኩን የሚያውቁት ጣቶቿ ናቸው።

ያፈተለኩትን ቶሎ መያዝ ኪሳራ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሲቀር ከተያዙ፣ ጉልበቱን የቆጠበ ሌላ ሰው ይነሳና ማሳደዱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ በሩቁ መቆየት አለባቸው። ከፈረንሳዊው የስፖርት ጋዜጠኛ ከሮቤር ሻፓት የቀረ አንድ የቆየ ስሌት አለ፤ ፔሎቶኑ ቆርጦ ከተነሳ በ10 ኪሎ ሜትር 1 ደቂቃ ይመልሳል ይላል። ነፋሱ፣ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ግን ስሌቱን ያዛቡታል። የተዛባውን የሚያቃናው ከፊት ሆኖ የሚጎትተው ሰው ነው።

እስቲ ይህን ሰው ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጀርባው ተለጥጧል፣ ክርኖቹ ታጥፈዋል፣ አፉ ተከፍቷል፤ እግሩ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና ምቱን አያዛንፍም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲኬድ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው፤ ከኋላው የተጠለለው ሰው ከዚያ ሸክም ሲሶ ያህሉ ይቀርለታል። በፊተኛውና በኋለኛው ሰው ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ተራው ሲያልቅ ክርኑን ወዝወዝ አድርጎ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። ያን ጊዜ የሚተካውን ሰው ተመልከቱ፤ ብልሃቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ካምቢዮውን (ቃሉም ወደ እኛ የመጣው ከዚሁ አገር ነው) ላይነካው ይችላል፤ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ያልበሰለ ሰው ፊት ሲደርስ ሞቅ ይለውና ይፈጥናል፤ ረድፉ ይሳሳል፣ ጅራቱ ላይ ያለው ተበጥሶ ይቀራል። የበሰለው ግን መተካቱም አያስታውቅ።

በ2022 ክሩ ተበጠሰ። ከናፖሊ ወጥቶ፣ በሞንቴ ዲ ፕሮቺዳ በኩል ደጋግሞ ዞሮ ናፖሊ የተመለሰ የ153 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበር። ቤልጅጋዊው ቶማስ ደ ጌንት ከፊት ከቀሩት ከአራቱ አንዱ ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ሃርም ቫንሁክም አብሮት ነበር። ቫንሁክ የራሱን ዕድል ትቶ ጎተተለት፣ ደ ጌንትም አሸነፈ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይና ማቲው ቫን ደር ፑል ከኋላ ሲገሰግሱ መንገዱ አለቀባቸው።

በ2023 ያፈተለኩት ሳይመን ክላርክና አሌሳንድሮ ደ ማርኪ ነበሩ። ሁለቱም በ1986 የተወለዱ፣ ተራ መጠበቅን የሚያውቁ አንጋፎች። 162 ኪሎ ሜትር ከሆነው ውሎ አብዛኛውን ከፊት አሳለፉት። መለያየት የጀመሩት ድሉ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ትዝ ሲላቸው፣ በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው፤ ተያዩ፣ ትንሽም ዘገዩ። መስመሩ በግልጽ እየታያቸው፣ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀር ፔሎቶኑ ዋጣቸው። ማድስ ፔደርሰን አሸነፈ፤ በዚያ ድል በሦስቱም ታላላቅ ዙሮች፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በስፔን፣ የቀን አሸናፊ ሆነ። የሁለቱ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል። ያሳደዷቸው ሰዎች ግን ያን ቀን ልኩን ለክተውታል፤ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ቀኑ የሁለቱ ነበር።

በ2024 ልኩ ከዚያም ጠበበ። ኢኳዶራዊው ጆናታን ናርቫዬስ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ብቻውን ወጣ። የጂሮው መሪ ታዴይ ፖጋቻር፣ ሮዝ ማልያውን እንደለበሰ፣ ለቡድን ጓደኛው ለሁዋን ሴባስቲያን ሞላኖ ከፊት ወጥቶ ጎተተ። የውድድሩ ንጉሥ እንደ ተራ ጎታች አንገቱን ደፍቶ ሲሠራ ማየት ልብ ይነካል። ከዚያ ረጅሙ ጆናታን ሚላን ተወረወረ፤ የመጀመሪያውን ታላቅ ዙር የሚጋልበው ኦላቭ ኮይ ከኋላ መጥቶ በጎን አለፈው። ናርቫዬስን የደረሱበት በመጨረሻዎቹ ጥቂት አስር ሜትሮች ነው። ኮይ አንደኛ፣ ሚላን ሁለተኛ፣ ሞላኖ ሦስተኛ።

ካሜራው ኮይን ተከትሎ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ክሩን የያዙት ሰዎች መስመሩን የሚያልፉት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ቀና ብለው፣ እጃቸውን መሪው አናት ላይ አሳርፈው፣ ፔዳሉን ቀስ እያሉ እየመቱ፣ ማን አሸነፈ የሚለውን በጆሮ ማዳመጫቸው እየሰሙ።