ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የተሣለው የሰልፍ ሥዕል፤ አጭር ሒስ

በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት በሳይንስ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። በግራ ትንሽ ጦጣ መሳይ እንስሳ፥ በቀኝ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ይታይበታል፤ በመካከላቸው ሌሎች ተራ በተራ ይከተላሉ። ከጓደኞቻችን አንዱ፥ «ጦጣ ተለውጦ ሰው ከሆነ፥ ዛሬ በዱር ያለው ለምን ሳይለወጥ ቀረ?» ብሎ ጠየቀ። አጥጋቢ መልስ ስላላገኘ፥ ነገሩ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ተወው። እኔ ግን ጥያቄውን እስከ ዛሬ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቻለሁ። ጓደኛችን የጠየቀው በሚገባ ነበር፤ ስሕተቱ የሥዕሉ ነው።

ሥዕሉ የተገኘው ክላርክ ሃዎል ጽፎት በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከታተመው «የጥንት ሰው» ከተባለው መጽሐፍ ነው። ሠዓሊው ሩዶልፍ ዛሊንገር በሚዘረጋው ገጽ ላይ 15 ፍጥረቶችን አሰልፏል። በፍትሕ ለመናገር፥ ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ ያስጠነቅቃል። የመጀመሪያዎቹ በአራት እግር የሚሄዱ ሆነው ሳለ ለማነጻጸር ሲባል ብቻ ቆመው እንደ ተሣሉ ይናገራል፤ ፓራንትሮፐስም ዘር ሳይተካ የጠፋ ወገን መሆኑን ይገልጻል። ታዲያ ዘር ሳይተካ የጠፋ በሰልፉ መካከል ምን ይሠራል? ጽሑፉ አንድ ነገር ሲናገር ሥዕሉ ሌላ ይናገራል። ሥዕሉ እየተቀዳ በዓለም ሲዞርም ማስጠንቀቂያው በመጽሐፉ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው አጥንት ሰልፉን አፍርሶታል። ከተሰለፉት አንዱ ራማፒቴከስ ከሰው ይልቅ ለኦራንጉታን ወገን የቀረበ ሆኖ ተገኘ። በ1974 በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት፤ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፥ የወገኖቿ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ሥዕሉ እንደሚያሳየው ጀርባ ሲቃና ራስ አብሮ አላደገም፤ እግር ቀደመ፥ አንጎል ዘገየ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን በዚያው በአፋር፥ ቡርቴሌ በተባለ ቦታ ተገኝቶ በ2012 ይፋ የሆነው የእግር አጥንት ነው። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን፥ የእግሩ አውራ ጣት እንደ እጅ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። ባለቤቱ ከድንቅነሽ ወገን ጋር በአንድ ዘመን ኖሮ በሌላ አረማመድ የሄደ ፍጡር ነበር። ከሁለቱ ማንን በፊት፥ ማንን በኋላ እናሰልፋለን?

ያገራችን ሰው ጋብቻ ሲያስብ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ሲቆጥርም ከአያቶቹ ወንድሞችና እኅቶች የወረደውን ሁሉ ይመረምራል፤ ነገር ግን የአጎቱን ልጅ አያቴ ብሎ አይጠራም። ቺምፓንዚም አያታችን አይደለም፤ ከአንድ የጥንት አያት ከእኛ ጋር የወረደ የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ። ለጓደኛችን ሊሰጠው የሚገባው መልስ ይኸው ነበር፤ በዱር ያለው እንስሳ ከሰልፉ ወደ ኋላ የቀረ ሳይሆን፥ በራሱ ቅርንጫፍ የተለወጠ ነው።

እንደ እኔ ያለ ጀማሪ አስቀድሞ የሚማረው ከሥዕል ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ በሰልፉ ፈንታ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ቢሰቀል፥ የደረቁትም ቅርንጫፎች ሳይቆረጡ ቢታዩ መልካም ነው። አንድ ተማሪ ስለ እምነቱ ከዚህ ትምህርት ጋር መከራከር ቢሻ እንኳ፥ ሊቃውንቱ ከሚሉት ጋር ይከራከር እንጂ፥ እነርሱ ካላሉት ሥዕል ጋር ሲታገል ሊቀር አይገባም።