የአንቀጽ አጻጻፍ ትምህርት፤ ከዘጌ በተወሰዱ ምሳሌዎች የቀረበ ሂስ

በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ስለ አንቀጽ የሚሰጠው ትርጓሜ ከክፍል ክፍል ብዙም አይለያይም። አንቀጽ ማለት ስለ አንድ ፍሬ ሐሳብ የሚናገሩ ዓረፍተ ነገሮች ስብስብ ነው፤ ፍሬ ሐሳቡን የያዘው ዓረፍተ ነገር ኀይለ ቃል ይባላል፤ ኀይለ ቃሉም በመጀመሪያ፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ሊገኝ ይችላል፤ የቀሩት መዘርዝሮች ናቸው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል። ቀጥሎ በተሰጠው ምንባብ ውስጥ ኀይለ ቃሉን ፈልጎ ያሰምርበታል። ከዚያ «ስለ አካባቢያችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ከትርጓሜው ወደ ትእዛዙ የሚያደርሰው መንገድ ግን በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም።

ውጤቱ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ የገባውን የዘጌን ባሕረ ገብ ምድር ርእስ ማድረግ ይበቃል። የሚከተለው ለዚሁ ጽሑፍ ሲባል የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ይሁን እንጂ የተማሪ ደብተር ያረመ መምህር ሁሉ ዓይነቱን ሳያውቀው አይቀርም።

«ዘጌ በጣና ሐይቅ ዳር የምትገኝ ውብ አገር ናት። በዘጌ ቡና ይበቅላል። ታላላቅ ገዳማት አሉ። ሕዝቡ በታንኳ ይጓዛል። ጌሾና ሎሚም ይገኛል። ስለዚህ ዘጌ ውብ አገር ናት።»

በመጽሐፉ ሕግ ከተመዘነ ይህ ጽሑፍ ጉድለት የለበትም። ኀይለ ቃሉ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ተቀምጧል፤ መዘርዝሮቹ ተከትለዋል፤ መደምደሚያም አለው። መምህሩ የሆሄ ስሕተት ካላገኘበት ከ10 ቢያንስ 8 ይሰጠዋል። ነገር ግን መካከለኞቹ አራት ዓረፍተ ነገሮች ቦታ ቢለዋወጡ የሚፈርስ ነገር የለም። ጌሾው ከቡናው ቀድሞ፣ ታንኳው ከገዳሙ በፊት ቢመጣ አንባቢው ልዩነቱን አያስተውልም። እንዲህ እንደ ልብ የሚዛወር ዓረፍተ ነገር ከጎረቤቱ ጋር ዝምድና የለውም ማለት ነው። የቡናው መብቀል ውበትን እንዴት እንደሚያስረዳም አልተነገረም። ጽሑፉ የዕቃ ቤት መዝገብ ነው፤ በመዝገብ መጨረሻ «ስለዚህ» የምትል ቃል ብትጨመር መዝገብነቱ አይለወጥም።

ያው ተማሪ ያንኑ ዕውቀት ይዞ እንደሚከተለው ሊጽፍ ይችል ነበር።

«በዘጌ ምድር በሬ አይጠመድም። እንደ አካባቢው ትውፊት ክልከላው ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር የተያያዘ ነው። ማረሻ ስላልገባበት ደኑ ሳይመነጠር ቆይቷል፤ ቡናውም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይበቅላል። ሆኖም ቡና እህልን አይተካምና ባለ ቡናው ምርቱን ወደ ገበያ አውጥቶ እህል ይሸምታል። ማረሻን የከለከለው ሥርዓት የዘጌን ሰው የገበያ ሰው አድርጎታል።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው የሚበልጠው በተመረጡ ቃላት ወይም በርዝመት አይደለም። የሚነሣው አንባቢ «ለምን?» ብሎ ሊጠይቅበት ከሚገባ አንድ ነገር ነው። «ማረሻ ስላልገባበት» የሚለው ሐረግ ከፊቱ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ባይኖሩ መቆሚያ የለውም፤ «ሆኖም» የምትለውም ቃል ቀደም ሲል የተነገረውን ሳትይዝ ትርጉም አትሰጥም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን አይደግምም፤ ከክልከላ የተነሣው ሐሳብ ገበያ ደርሷል። መማሪያ መጻሕፍት አንድነት፣ ግጥምጥምነትና አጽንኦት እያሉ በየርእሱ ከፍለው የሚያስተምሯቸው ባሕርያት እዚህ ላይ የመጡት ከአንድ ሥራ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የፊተኛው ያስነሣውን ጥያቄ መመለሱ ነው።

ይህ አሠራር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በዘጌ ገዳማት አጠገብ የሚያድግ ልጅ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በጆሮው ሊሰማው የሚችል ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር በአንድምታ ሲያስተምር አስቀድሞ ንባቡን ያኖራል። ከዚያ ፍቺው ይከተላል፤ ሌላ ምሥጢር ካለ «አንድም» ተብሎ ይጨመራል፤ ወደ ሐተታው ሲገባ «ለምን ቢሉ» ተብሎ ጥያቄ ይነሣና መልሱ ይሰጣል። «ኀይለ ቃል» የሚለው ስም ራሱ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚብራራውን ወይም ስብከት የሚመሠረትበትን ቃል ያመለክታል። መማሪያ መጽሐፉ ስሙን ከዚህ ቤት ጋር ይጋራል፤ «ቢሉ»ን ግን አልያዘም። ጉዳቱም የመጣው ከዚህ ነው። «ቢሉ» የሚለው ሰው በጉባኤው ላይ የለም፤ መምህሩ ሊጠይቅ የሚችለውን ሰው በሐሳቡ አቁሞ ይመልስለታል። ጸሐፊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንባቢው ከፊቱ ስለሌለ ጥያቄውን ቀድሞ ራሱ ማንሣት አለበት። «ኀይለ ቃሉን ፈልገህ አስምር» የተባለ ተማሪ ሌላ ሰው የጻፈውን መለየት ይለማመዳል እንጂ የራሱን ኀይለ ቃል ካኖረ በኋላ ምን ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ማሰብ አይማርም።

እርግጥ ነው፣ አንድምታ እንዳለ ወደ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ይግባ ማለት አይቻልም። የትርጓሜው መምህር ሁለትና ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ማኖሩ ሀብት ነው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ፍቺ የሚከፍት ተማሪ ግን አንዱንም ሳይጨርስ ወረቀቱ ያልቅበታል። ስለሆነም «አንድም» የሚያሰኝ ሐሳብ ሲመጣ አዲስ አንቀጽ እንዲጀመር፣ «ቢሉ» የሚያሰኝ ሐሳብ ሲመጣ በዚያው አንቀጽ እንዲቀጠል ቢነገረው፣ አንቀጽ የት ላይ እንደሚቆረጥ ከብዙ ትርጓሜ ይልቅ ይህ ይረዳዋል። ደግሞም ተማሪው ሁሉ የቤተ ክህነት ልጅ አይደለም፤ የሙስሊሙም ልጅ በዚያው ክፍል ይቀመጣል። ጠይቆ የመመለስ ልማድ ግን በአንድ ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም። የጥንቱ የሙግት ሥርዓት በላ ልበልሃም በጥያቄና በመልስ የቆመ ነበር።

ስለ «አንቀጽ» ቃልም ጥቂት ማለት ይገባል። በግእዝ አንቀጽ በር ወይም ደጅ ማለት ነው፤ «አንቀጸ ብርሃን» የሚለው የጸሎት ስም የብርሃን ደጅ ተብሎ ይፈታል። በሰዋስው ግሥን ያመለክታል፤ ሕግ ዐዋቂዎች ደግሞ ለሕግ ድንጋጌ ክፍል ያውሉታል። የብራና ጸሐፊዎች የአንድን ክፍል መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፉ፣ ፍጻሜውንም ፨ በመሳሰሉ ምልክቶች ይዘጉ ነበር፤ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ከሚጠበቁት ቅርሶች መካከልም የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። መሥመሩን ከኅዳጉ ገባ አድርጎ መጀመር የማተሚያ ቤት ልማድ ነው። በክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው፣ ከሁሉም ይልቅ በጥብቅ የሚታረመው ይኸው ልማድ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። ተማሪው ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ መጀመርን ያውቃል፤ በዚያ ደጅ ወዴት እንደሚገባ ግን አልተነገረውም።

ከብራናው ወደ ማተሚያው በተደረገው ሽግግር አንድ የዘጌ ተወላጅ ድርሻ አለው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለደ፤ በኢጣልያ የሥዕል ትምህርት ተከታተለ፤ በኔፕልስ አማርኛ አስተማረ። በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተመውና ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድ ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎም የአማርኛን ሰዋስው በኢጣልያንኛ ጽፎ ነበር። በወረራው ዘመን ከፋሺስት ኢጣልያ ጎን መቆሙ ስሙን ያጎደፈው ቢሆንም፣ በአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ታሪክ ያለውን ቦታ መካድ አይቻልም። በክፍል ውስጥ ግን ይህ ሰው የሚታወቀው «የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈው ማን ነው?» በሚል ጥያቄ መልስነት ነው። የሥነ ጽሑፍ ትምህርትና የጽሕፈት ትምህርት ተለያይተው ስለሚሰጡ፣ ደራሲው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ፣ የት ላይ እንዳቆመ፣ ምን ብሎ እንደቀጠለ ገጹን ዘርግቶ የሚያሳይ ትምህርት እምብዛም አያጋጥምም። የዘጌ ልጅ የአገሩን ሰው ስም ይሸመድዳል፤ ከሥራው ግን አይማርም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው የዓረፍተ ነገሩ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከእርሱ በፊት «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እየተባለ የፈለጉትን ያህል መቀጠል ይቻላል፤ ሰዋስው አይከለክልም፤ በቃል ለሚነገር ወሬ ደግሞ ጣዕም ይሰጣል። ስለዚህ የተማሪው አንቀጽ ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይገኛል፦ «ጧት ተነሥቼ ቁርሴን በልቼ ደብተሬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወርጄ ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አይቼ ተገርሜ ለጓደኛዬ ነግሬው...»። መምህሩ በዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ ይጨምርበታል። ሰረዙ ግን መድኀኒት አይሆነውም።

በዚህ ቦታ ልዩነት ማድረግ ያስፈልጋል። የሥራ ቅደም ተከተል ሲነገር ሰንሰለቱ ነውር የለውም። ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ተማሪ ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ እያለ ቢቀጥል የነገሩ ተፈጥሮ ራሱ ሥርዓት ይሰጠዋል፤ ሳይታሰር አይጫንም፣ ሳይታጨድ አይደርቅም። በሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን አንቀጽ አሳምሮ ይጽፋል። «ታንኳ ዕድሜው አጭር የሆነው ለምንድን ነው?» ሲባል ግን ይቸገራል፤ ምክንያቱም በዚህኛው ጥያቄ ሰዓት መሪ ሊሆነው አይችልም። ደንገል ውሃ እንደሚመጥ፣ በዚህም ታንኳው እየከበደ እንደሚሄድ፣ ከጉዞ በኋላም ከውሃ ወጥቶ መድረቅ እንደሚያስፈልገው ያውቃል። እነዚህን ለመጻፍ ግን ዓረፍተ ነገሩን በየምክንያቱ መዝጋት፣ ከዚያም በ«ስለዚህ» ወይም በ«ይሁን እንጂ» እንደገና መክፈት አለበት። አንዱ ሐሳብ ሳይዘጋ ሌላው ሲቀጠልበት የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይለይም። መማሪያ መጻሕፍት ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊና አመዛዛኝ እያሉ የድርሰት ዓይነቶችን ሲዘረዝሩ ሁሉንም በእኩል ሚዛን ያስቀምጧቸዋል፤ ከጊዜ ተከታይነት ወደ ምክንያት ተከታይነት የሚደረገው እርምጃ ከሁሉ የከበደው መሆኑን አይናገሩም። ይህ እርምጃ ያልተሳካለት ተማሪ ጉዳቱ በአማርኛ ውጤቱ ላይ ብቻ አይቀርም። በታሪክና በሳይንስ ትምህርት «አብራራ» ሲባል ይዘረዝራል፤ አድጎም አቤቱታ ሲጽፍ የደረሰበትን ሁሉ ይተርክና የሚጠይቀውን ሳይናገር ይፈርማል።

ለዚህ ጉድለት መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢኖር፣ ለአንድ አንቀጽ 5 ደቂቃ ቢሰጥ፣ እርማቱ 300 ደቂቃ ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል፤ አራት ክፍል የሚያስተምር መምህር አንድ ጊዜ ባስጻፈ ቁጥር 20 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አያስጽፍም፤ ቢያስጽፍም የሚያርመው ዓይኑ ቶሎ የሚያገኘውን፣ ሆሄውን ነው። የሚቻለው አንዱ መንገድ አንድን የተማሪ አንቀጽ ያለ ስም በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ክፍሉን «ምን ቢሉ?» እያሉ መጠየቅና መልሱ በሚቀጥለው መሥመር መኖር አለመኖሩን አብሮ መፈለግ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹን አዛውሮ የሚፈርሰውንና የማይፈርሰውን ማየትም ከጠመኔ በቀር ወጪ አይጠይቅም።

ብሔራዊ ፈተናዎች በምርጫ ጥያቄዎች ሲዘጋጁ አንቀጽ የሚመዘነው የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን ቅደም ተከተል በማስያዝ ወይም ኀይለ ቃልን በመለየት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ከላይ የተነገረውን የመዛወር መመዘኛ ይመስላል። ሆኖም ዓረፍተ ነገሮቹ ተጽፈው የቀረቡ ስለሆነ ተማሪው የሚያደርገው ሌላው የሠራውን መደርደር ነው። ፈተናው አንድ አንቀጽ ያስጽፍ ቢባል አራሚ፣ የእርማት መመሪያና ጊዜ ይጠይቃል፤ የዕቅድ ባለሙያዎች ይህን ወጪ ማስላት ይኖርባቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ሊሰላ የሚገባው ያ 20 ሰዓት ነው። በመምህሩ የሥራ ድልድል ላይ እስካልተያዘለት ድረስ ስለ ዘጌ ውበት የተጻፈው ደብተር ከ10 8 እያገኘ መመለሱ ይቀጥላል።