ስለ ደብረ ማርቆስ ምሽግ መከበብ የሚጻፈውና የሚነገረው

ታሪክ ጸሐፊው ወዴት ቆሞ እንዳየ ካልተመረመረ፥ እውነት የጻፈውም እንኳ አንባቢን ሊያስት ይችላል። ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. የደብረ ማርቆስን ምሽግ ለቀው ስለ መውጣታቸው ሁለት ዓይነት ትረካ ይገኛል፤ ሁለቱም ሊመዘኑ ይገባል።

የመጀመሪያው የእንግሊዞች ነው። በዘመቻው የነበረው ሚስተር አለን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ያሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ወገን ነው። በዓይኑ ያየ ሰው ስለ ጻፈው የመንገዱ ድካም ሕያው ሆኖ ይታያል። ጉድለቱ ግን የታሪኩ አጥንት የዊንጌት ጦር ጉዞ መሆኑ ነው። ስለዚህ 2,000 ያህል ወታደር ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጠላት ማስለቀቁ ተአምር ይመስላል። ነገር ግን የጎጃም ሕዝብ በ1930 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ጠላት ከምሽጉ ርቆ በሰላም ማደር ተስኖት ነበር። ዊንጌት ሲደርስ ያገኘው፥ ሕዝቡ ሦስት ዓመት ያህል ከብቦ ልቡን ያደከመውን ጠላት ነው።

ሁለተኛው የአገራችን ፉከራ ነው። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬን፥ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን፥ ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ማንሣቱ የተገባ ነው። ሆኖም ስንቅ ያቀበለውን ገበሬና በሌሊት እህል የፈጨችውን ሴት አያነሣም። ከዚህም በላይ የሚከብደውን ነገር ይሸሻል። ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቆ ዓባይን ሲሻገር ደጃዝማች በላይ መንገዱን ሳይዘጉበት ቀሩ ተብሎ በእንግሊዞች ዘንድ ይጻፋል። ፉከራው ስለዚህ ዝም ይላል። ክሱ እውነት ቢሆን ምክንያቱን፥ ሐሰት ቢሆን መልሱን መጻፍ የእኛ ዕዳ ነው። ጀግና ቢመረመር አያንስም፤ ዝምታ ግን የከሳሹን ቃል ያጸናል።

በቅኔ ቤት ሰሙን አሳምሮ ወርቁን የሳተ ደቀ መዝሙር ቅኔው ይመለስበታል። የእንግሊዙ ሰም የጦሩ ጉዞ፥ የፉከራው ሰም የጀግናው ስም ነው፤ ወርቁ ግን ምሽጉን ሳይገባ ምሽጉን እስር ቤት ያደረገው ሕዝብ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ በሩ ተከፍቶ ጠበቃቸው። እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ በሩን ማን እንደ ገባበት ከመጻፉ አስቀድሞ ማን እንዳስከፈተው ይጠይቅ። ምስክሮቹ ቢያልፉም ነገሩን ከአፋቸው የሰሙ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በየደብሩ አሉና፥ እነርሱም ሳያልፉ ይጻፍ።