የኢትዮጵያ ጥናት ቤተ መጻሕፍት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን ለይተው ማሰባሰብ ከጀመሩት ክምችት የበቀለ ሲሆን፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ በነበረው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተደራጅቷል። በብራና፣ ማለትም ተፍቆ ለጽሕፈት በተዘጋጀ ቆዳ ላይ የተጻፉት የግእዝ መጻሕፍት በሚገባ ዝናውን ቢያገኑለትም፣ ከዚያ ያላነሰ አድናቆት የሚገባው፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት እንደ ተራ ወረቀት ሊያልፈው የሚችለውን በራሪ ጽሑፍ፣ ጋዜጣና ያልታተመ የተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ጠብቆ ማቆየቱ ነው። ታሪካቸው በመጽሐፍ ያልወጣላቸውን አውራጃዎች የሚያጠና ተመራማሪ ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነዚሁ የመመረቂያ ጥናቶች ነው።