የትርዒት አደራደርና የዕቃዎች ምስክርነት

ዕቃን ለሕዝብ ማሳየት ዕቃን መደርደር ብቻ አይደለም። የትኛው ከየትኛው አጠገብ ይቁም ብሎ የሚወስን ሰው፥ ቃል ሳይናገር ስለ ዕቃው ባለቤቶች ፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ ትርዒት አደራደር እንደ መጽሐፍ ሊመረመር ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፥ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ይገኛል። ሕንፃው በ1954 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ሆነ። የሕዝቦች ባህል የሚታይበት ክፍል ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ወይም በየአገሩ አልለያቸውም፤ ሕፃንነት፥ ጕልምስና፥ ሞትና ከሞት በኋላ በሚል የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ደረደራቸው እንጂ።

ይህ አሳብ ብልኅነት ያለበት ነው። በየወገኑ የተከፈለ ትርዒት የአንዱን ስፍራ ሰፊ፥ የሌላውን ጠባብ በማድረግ ሳይታሰብ ማዕርግ ያወጣል። በዕድሜ የተከፈለው ግን የደጋውን አራሽና የቆላውን አርብቶ አደር ስለ አንድ ጕዳይ እኩል ያናግራቸዋል።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ያለ ጕዳት አልተገኘም። ሰው በማናቸውም ዘመን ይወለዳል፥ ይጐለምሳል፥ ይሞታል፤ ስለዚህ በዕድሜ የተደረደረ ትርዒት ዘመንን አይነግርም። የጥንቱና የትናንቱ ዕቃ ጎን ለጎን ሲቆሙ፥ ባህል ፈጽሞ የማይለወጥ ነገር ይመስላል።

ጕድለቱ ይልቁንም በሞት ክፍል ይጐላል። ዋካ የተባለው የኮንሶ የእንጨት ምስል ለጀግና መታሰቢያ የሚቆም ሲሆን፥ ከሟቹ ምስል ጋራ የሚስቶቹ፥ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ምስሎች ይታከላሉ። እንግዲህ ዋካ የአንድን ሰው ሕይወት በኅብረት የሚተርክ ነው፤ ከመካከሉ አንዱ ሲነጠል የሚቀረው ያማረ እንጨት ብቻ ይሆናል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ምስሎች ከተጠቀሱት መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከመቃብር እየተሰረቁ ተሽጠዋል።

መፍትሔው አደራደሩን ማፍረስ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ስሙና ጥቅሙ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደ ተሠራ፥ ከማን እጅና በምን መንገድ እንደ መጣ፥ ይህ ካልታወቀም አለመታወቁ ሊጻፍ ይገባል። ተመልካች የመቃብርን መታሰቢያ አይቶ፥ መቃብሩ ባዶውን ቀርቶ እንደ ሆነ ሳያውቅ ቢመለስ፥ ትርዒቱ ሙታንን ያከበረ መስሎ ያስረሳቸዋል።