ጉርሻና ደመወዝ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ላይ የቀረበ ትችት

በጎፋ ገብርኤል አካባቢ ካሉት ግሮሰሪዎችና ሥጋ ቤቶች በአንዱ ያመሸ ሰው፣ ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ለአስተናጋጇ ጥቂት ብር መጨመሩ የተለመደ ነው። ይህን ጉርሻ ሰጪው እንደ ልግስና ይቈጥረዋል፤ ለተቀባይዋ ግን የቤት ኪራይና የልጅ ቀለብ ሊሆን ይችላል። ሕጉስ ምን ይለዋል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በጉርሻ የሚኖረውን ሠራተኛ ለይቶ አይጠራም። በአንቀጽ 4 የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው በአሠሪ አመራር ሥር በደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 53 ደግሞ ከደንበኞች የሚገኘው የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ እንደማይቈጠር ይደነግጋል። ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠውም ጉርሻ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊያገኝ አይችልም።

ይህ አከፋፈል ሠራተኛውን ይጐዳል የሚል ሰው ምክንያት አለው። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነውና፣ ለዐሥር ዓመት በአብዛኛው በጉርሻ የኖረች ሴት የሚታሰብላት በትንሿ ደመወዝ ልክ ብቻ ነው። ነገር ግን ተቃራኒውን እንመልከት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በወር ከ30 ዶላር የበለጠ ጉርሻ አዘውትሮ የሚያገኘውን ሠራተኛ ለብቻው ይለየዋል፤ አሠሪውም በሰዓት 2.13 ዶላር ከፍሎ፣ እስከ 7.25 ዶላር የጐደለውን ከጉርሻው እንዲያሟላ ይፈቅድለታል። በዚያ አገር ጉርሻው የአሠሪውን ዕዳ አቃለለ። ስለዚህ የእኛ አዋጅ ጉርሻን ከደመወዝ መለየቱ ትክክል ነው።

ጉድለቱ በሌላ ስፍራ ነው። ደመወዝ ሳይቈረጥላት በጉርሻ ብቻ የምታስተናግድ ሴት ስትሰናበት፣ አሠሪው «ደመወዝ ስላልከፈልኋት ሠራተኛዬ አይደለችም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። አለመክፈሉ ራሱ መከላከያ ይሆንለታል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አነባበብ ሊወድቅ ይገባዋል። ሰዓቷን የሚወስነው፣ ጠረጴዛ የሚመድብላትና የሚያሰናብታት እርሱ ከሆነ አመራሩ አለ፤ ደመወዙም ያልተከፈለ ዕዳ ነው እንጂ የሌለ ነገር አይደለም። አዋጁ ግን ይህን በግልጽ አልጻፈም። የዕዳውንም ልክ ለመቍረጥ የሚረዳውን ዝቅተኛ ደመወዝ ራሱ ሳይወስን፣ በአንቀጽ 55 ለደመወዝ ቦርድ አስተላልፎታል።

መድኃኒቱ አንድ ንኡስ አንቀጽ ነው፤ ይኸውም በአሠሪ አመራር ሥር የሚሠራ ሰው፣ ገቢው ከእንግዳ ስለመጣ ብቻ ሠራተኛነቱ አይቀርም የሚል። እስከዚያ ድረስ ሸክሙ በዳኞች አነባበብ ላይ ይወድቃል።