«ዶሮ ነው?»

ቶኪዮ ውስጥ የሐበሻ ሰፈር የሚባል ካለ ካትሱሺካ ነው። በተለይ በዮትሱጊ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የእኛ ሰዎች ተሰባስበው መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እንጀራ የሚቀርብበት ምግብ ቤትም አለ። ከዮትሱጊ አንድ ጣቢያ አለፍ ስትሉ ደግሞ ታቴይሺ ትደርሳላችሁ። ታቴይሺ ማለት ጠባብ ቅያስ፣ ርካሽ መጠጥ ቤትና ጭስ ነው።

ቶኪዮ በገባሁ ሰሞን አንድ ምሽት ሆን ብዬ ጣቢያዬን አልፌ እዚያ ወረድኩ። የጠራኝ የከሰልና የጮማ ሽታ ነው። ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበት፣ ሰባት ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚቀመጥበት ቤት አገኘሁ። ቋንቋ ስለሌለኝ ባንኮኒው ላይ የተደረደረውን ሥጋ በጣቴ እያሳየሁ አዘዝኩ። ሁለት ስንጥር ከጨረስኩ በኋላ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት፣ ምን እየበላሁ እንደሆነ መጠየቄ መሰላቸውና፣ በደግነት አፍንጫቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው አሳዩኝ። አሳማ! ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሂሳቡን ግን ከፍያለሁ።

በማግስቱ ነገሩን ስነግረው ዮትሱጊ የቆየ አንድ ወዳጄ በሳቅ ፈርሶ ሦስት ቃል አስተማረኝ፤ «ቶሪ ዴስ ካ?» ዶሮ ነው? እኔ ጃፓንኛ የጀመርኩት «እንደምን አደሩ»ን ትቼ በዚህች ጥያቄ ነው። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ጥያቄዋ ከአሳማ ማምለጫነት አልፋ የያኪቶሪ ቤቶች መመዘኛዬ ሆነች። ስለነዚህ ቤቶች የሚጻፈው ሁሉ ስለ ከሰሉ ጥራትና ስለ ዶሮዋ ዘር ያወራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ እዚህ ቤት በላተኛው አፉን ከፍቶ ጠባሹን መጠየቅ፣ ማዘዝ፣ «ይሄኛውን ድገመኝ» ማለት ይችላል ወይ?

ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። «ያኪ» ጥብስ፣ «ቶሪ» ወፍ ወይም ዶሮ ማለት ነው፤ የዶሮ ጥብስ ብሎ መተርጎም ይቻላል። ግን በሰሜን በሆካይዶ፣ ሙሮራን ከተማ ሄዳችሁ ያኪቶሪ ብትሉ የሚመጣላችሁ የአሳማ ሥጋ ከሽንኩርት ጋር ተሰክቶ፣ ከጎኑ ሰናፍጭ ተቀምጦለት ነው። ከቶኪዮ ብዙ በማይርቀው ሂጋሺማትሱያማም እንዲሁ የአሳማ የራስ ሥጋ ቃሪያ የገባበት ሚሶ ይቀባል፣ ስሙ ያው ያኪቶሪ። ኢማባሪ ደግሞ ዶሮው ዶሮ ነው፣ ግን ስንጥሩ የለም፤ ቆዳውን በጋለ ብረት ላይ ተጭነው ይጠብሱታል። ማታለል እንዳይመስላችሁ፣ ምክንያቱ ድህነት ነው። ዛሬ ርካሽ የምንለው የዶሮ ሥጋ ጃፓን ውስጥ ለረጅም ዘመን የቅንጦት ምግብ ነበር። እንዲያውም በ675 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ እንዳይበሉ ከከለከሏቸው እንስሳት አንዷ ዶሮ ናት። የጎዳና ጠባሾች ይሸጡ የነበረው ሀብታም የተወውን የሆድ ዕቃ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ ቶኪዮ አመድ ላይ ተቀምጣ ሳለች፣ በባቡር ጣቢያዎች ዙሪያ በበቀሉት ጥቁር ገበያዎች የተገኘው ሁሉ ስንጥር ላይ ወጣ። ሺንጁኩ ጣቢያ አጠገብ ያለው «የትዝታ ቅያስ» (ኦሞይዴ ዮኮቾ) የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ለሥጋ ተብላ የምትረባው ፈጣን ዶሮ ከአሜሪካ መጥታ ሥጋው የረከሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ዶሮ ሲሆን ምን ይመስላል? ዶሮ ወጥ በልቶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳም ዘመድም ነው። እኛ ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት እናወጣለን፤ ብልት ማውጣት የማታውቅ ሴት ምን ትባል እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሚደርስ ሕግ አለው። ያኪቶሪ ጠባሽም ብልት አዋቂ ነው፣ ግን የእሱ ሕግ የእድሜና የማዕረግ ሳይሆን የአፍ ነው፤ ጥርስ ላይ ምን ይሰማል? ልቡን ለብቻ፣ ጉበቱን ለብቻ፣ አንገት ላይ ተፍቆ የሚወጣውን ሥጋ ለብቻ ይሰካል። ዶሮ ጥሬዋን የምትፈጭበት ጡንቻ (ሱናጊሞ ይሉታል) ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። የደረቷ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት ይንኮሻኮሻል። ከጭራዋ ሥር ያለው ጮማ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ከአንዲት ዶሮ ትንሽ ትንሽ ብቻ የሚወጣ ነገር ስለሆነ አንድ ስንጥር ልብ ለመሙላት የብዙ ዶሮ ልብ ይፈልጋል፤ ይህን ሳስብ ትንሽ ይቀፈኛል፣ ግን እበላዋለሁ።

ቆዳው ግን ፈተነኝ። እናቴ ዶሮ ስትሠራ ቆዳዋን ገፋ ጥላ፣ ሥጋውን በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ የምታጥብ ሰው ናት። እዚህ ቆዳውን እንደ ጥብጣብ እያጠፉ ስንጥር ላይ ሰክተው፣ ስቡ እየተንጠባጠበ ዳር ዳሩ እስኪደርቅ ይጠብሱታል። የመጀመሪያውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የበላሁት። አሁን መጀመሪያ የማዘው እሱን ነው። (እናቴ ይህን እንዳታነብ።) በአንጻሩ እስከ ዛሬ እሺ ያላልኩት ውስጡ ሐምራዊ እንደሆነ የሚቀርበውን የደረት ሥጋ ነው። ላዩ ብቻ ነጣ ብሎ መሐሉ ጥሬ፣ ከላይ ዋሳቢ ጠብ ይደረግበታል። የሚያደንቁት ብዙ ናቸው። የአገሩ የጤና ሚኒስቴር ራሱ በደንብ ያልበሰለ ዶሮ ሆድ እንደሚያሳምም ደጋግሞ ያስጠነቅቃልና እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ነኝ።

ስለ ከሰሉም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቢንቾታን የሚሉት ነጭ ከሰል፣ በተለይ ዋካያማ ውስጥ ከጠንካራ የባሉጥ እንጨት የሚከሰለው፣ ሁለቱን ስታጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል። ነጭ የተባለው ከምድጃው ጋልቶ ሲወጣ አመድና አሸዋ ስለሚያለብሱት ነው። ጭሱ ጥቂት፣ ሙቀቱ ኃይለኛ፣ ዕድሜው ረጅም። ጠባሹ ግራ እጁ ላይ ማራገቢያ ይይዛል፤ ሲያራግብ ሙቀቱ ይነሳል፣ ስቡ ከሰሉ ላይ ጠብ ሲል የሚነሳው ጭስ ሥጋውን ይነካካውና ያልፋል። ግን ለእኔ ዋናው ከሰሉ ሳይሆን ከሰሉ የሚፈጥረው ጥድፊያ ነው። ከእሳቱ የወረደ ስንጥር ዕድሜው አጭር ነው፤ አንዲት ወሬ አውርታችሁ እስክትመለሱ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ጉበቱ ይደርቃል። ስለዚህ ጠባሹ የሚበላውን ሰው ማየት አለበት። ብርጭቆው ባዶ ነው? ያለፈውን ስንጥር ጨርሷል? ባንኮኒው እሳቱ ፊት ለፊት የተሠራው ለዚህ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ «መሰካት ሦስት ዓመት፣ መጥበስ ዕድሜ ልክ» የሚል አባባል አለ። ዕድሜ ልክ የሚፈጀው እሳቱን መማር ብቻ አይመስለኝም፣ በላተኛውን ማንበብም ጭምር እንጂ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ታቴይሺ አካባቢ ዶሮ ብቻ የሚጠብሱ አንድ አዛውንት አሉ፤ ቤታቸው ዘጠኝ መቀመጫ ናት። አንድ ቀን አራት ሆነን ሄድን። ስንጥሮቹ ሲመጡ እንደ ለመድነው ሥጋውን በቾፕስቲክ ከስንጥሩ እየገፋን አንድ ሳህን ላይ አራገፍነውና ሁላችንም ከዚያው እየተቃመስን፣ እየተጎራረስን በላን። ሰውየው ምንም አላሉም፤ ብቻ ማራገቢያቸው ቆመች። በኋላ እንደሰማሁት ይህ ለጃፓኖቹም የክርክር ርዕስ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ ተሰብስበው ሲበሉ እንደ እኛው የሚያራግፉ አሉ፣ «እባካችሁ ከስንጥሩ አታውጡብን» ብለው የሚማጸኑ ባለቤቶችም አሉ። ምክንያታቸው ትክክል ነው። ሥጋው ሲራገፍ ጭማቂው ይፈሳል፣ ይበርዳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እኩል እንዲበስል ተመዝኖ የተሰካው ድካም ሁሉ ሳህን ላይ ይበተናል። እኛ ግን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ተብለን ያደግን ነን። አንድ ስንጥር ለአንድ ሰው ማለት ለእኛ ጆሮ ስስት ነው። ቀጣዩን ዙር ሰውየው ለአራታችን አራት ስንጥር አድርገው፣ አንድ በአንድ፣ በየእጃችን ሰጡን። ተናግረው ሳይሆን በሥራቸው መለሱልን። እስከ ዛሬ ከስንጥሩ ላይ ነው የምበላው፤ ጉርሻ ካማረኝ ግን ስንጥሩን እንዳለ ወደ ጓደኛዬ አፍ እዘረጋዋለሁ። ይህን የሚከለክል ሕግ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ውዶቹ ቤቶች ልምጣ። ሚሽሊን በ2007 የቶኪዮ መመሪያውን ማውጣት ከጀመረ በኋላ ያኪቶሪ ቤቶችም ኮከብ ማግኘት ያዙ። ጊንዛ ውስጥ ምድር ቤት ያለው በርድላንድ፣ ጎረቤቱ ዝነኛው የሱሺ ቤት ሱኪያባሺ ጂሮ ነው፤ ከኢባራኪ የሚመጣውን ኦኩኩጂ ሻሞ የተባለ ዶሮ ከወይን ጠጅ ጋር በማቅረብ ስም አወጣ። የጭስና የላብ ምግብ ለሱሺ ጎረቤት መሆን መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አላናንቅም።

እኔ የሄድኩት ስሙን ወደማልጠራው ሌላ ቤት ነው። ወንበር ለማግኘት ወራት ጠብቄአለሁ። ምን እንደምበላ የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉ ነገር «ኦማካሴ» ነው፣ ለእርስዎ ትቼዋለሁ እንደ ማለት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ የበላሁት ምርጥ ዶሮ እዚያ ነበር። አንደኛው ስንጥር «ቾቺን» ይባላል፣ ፋኖስ ማለት ነው፤ ገና ያልተጣለች እንቁላል፣ አስኳሏ ብቻ፣ ከስንጥሩ ጫፍ ተንጠልጥላ ትመጣለች። አፍ ውስጥ ስትፈነዳ ሥጋውን ታለብሰዋለች። ቀጥሎ አንገት መጣ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሁሉ እንዲቀምሰው የተመኘሁት አንገት! «አንድ ልድገም?» አልኩ። ወጣቱ አስተናጋጅ በጣም በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ ተራው እንዳለፈ፣ ምናልባት መጨረሻ ላይ ከተረፈ እንደሚያዩ ነገረኝ። ጠባሹ ቀና አላሉም። በቤቱ ውስጥ ሳል እንኳ ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ፣ በልቶ፣ ቀጣዩን ይጠብቃል።

እኔን ያናደደኝ ዋጋው አይደለም። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት የገባ ሰው «ከሻኛው ጨምርልኝ፣ ከጎድኑ ቆንጠር አድርግ» ይላል፤ ቆራጩም ይመልስለታል፣ ይቀልድበታል፣ አንዳንዴ «ዛሬ ሻኛው አይሆንህም» ብሎ ይመክረዋል። ያኪቶሪም የተወለደው በዚህ ዓይነት ንግግር ነው። «ጨው ወይስ ታሬ?» ብሎ ይጀምራል፤ ታሬ ከሶያ ሶስ፣ ከሚሪን፣ ከሳኬና ከስኳር የሚፈላው፣ ሳያልቅ እየተሞላ ለዓመታት የሚኖረው መረቅ ነው። ያቺን ጥያቄ ማንሳት ማለት በላተኛውን ከእራቱ ማስወጣት ነው። እዚያ ቤት ዶሮዋ ፍጹም ነበረች፣ እኔ ግን ተመልካች ነበርኩ።

ከዚህ ተቃራኒው ጫፍ ቶሪኪዞኩ ነው፤ «የዶሮ መኳንንት» እንደ ማለት። በ1985 ኦሳካ አጠገብ ተከፍቶ አገሩን ያጥለቀለቀ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ቤት ነው። ዋጋው ለረጅም ዓመታት 280 የን ነበር፤ በ2017 ወደ 298 ሲል በጋዜጣ የወጣ ዜና ሆነ። ሥጋው በየቅርንጫፉ በእጅ ይሰካል፣ የሚጠበሰው ግን በኤሌክትሪክ ነው። የከሰል ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ አላጨማድድም። ደመወዝ ያልደረሰለት ተማሪና አራት ልጅ ያለው ቤተሰብ የት ይብላ? የተለየ ሽታ የለውም፣ ትዝ የሚል ስንጥርም አልበላሁበትም፤ ግን ስክሪኑን ነክታችሁ አሥር ጊዜ አንገት ብታዙ አሥር ጊዜ ይመጣል። የጎደለው እሳቱ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ ስክሪን «ዛሬ ጉበቱ ጥሩ ነው» አይላችሁም።

ታቴይሺ ግን እየጠፋች ነው። ከጣቢያው በስተሰሜን የነበሩት ቅያሶች በ2023 ባዶ ተደርገው መፍረስ ጀመሩ፤ በቦታቸው ረጅም የመኖሪያ ሕንፃና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቆማል። ፒያሳ ሲፈርስ ያያችሁ ስሜቱን አላስረዳችሁም። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፣ እሳት ያሰጋል፣ መሬት ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱ ሐሰት አይደለም። ያቺ አሳማ የበላሁባት ቤት አሁን በአጥር ውስጥ ናት። ዶሮ የሚጠብሱት አዛውንት በደቡብ በኩል ስለሆኑ እስካሁን አሉ።

ባለፈው ዓርብ ሄድኩ። ጾም ስለሆነ «ዛሬ ሥጋ የለም» አልኳቸው፤ ለምደውታል። ሺታኬ እንጉዳይ፣ ባሮ ሽንኩርትና ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያ ሰክተው እሳቱ ላይ ጣሉ፤ ከጎኑ የሌላ ሰው ቆዳ ስቡን እየተፋ ይጠበስ ነበር። አየሁት። እሳቸውም ማየቴን አዩ። ስንጥሮቼን አንስተው ወደ ማንደጃው ዳር፣ ከሰሉ ወደ ሳሳበት ወሰዷቸው። ጥብሱ ትንሽ ዘገየ።

«ጨው ወይስ ታሬ?» አሉኝ።

«ታሬው ውስጥ ዶሮ ተነክሯል አይደል?»

ሳቁ። «ጨው» አሉ ራሳቸው።